ወደ ራሱ የሚጠቁም ድንጋይ

ጄኔቫ ውስጥ አንድ ሐበሻ ሲያርፍ መጀመሪያ ለቄሱ ይደወላል፤ ቀጥሎ ለእኔ። ቄሱ ይፈታሉ፣ እኔ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። ቀብር ላይ ጸሎቱ ሲያበቃ ወደ ፊት እወጣና መነጽሬን አውልቄ፣ በመሐረብ ጠርጌ፣ መልሼ አድርጌ ማንበብ እጀምራለሁ። መነጽሩ ቆሻሻ ኖሮበት አያውቅም። ሕዝቡ ጸጥ እስኪል መጠበቅ ያለበት ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው።

በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እንጀራ የበላሁበት ሥራ ግን ሌላ ነበር፤ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሰነድ ክፍል የስብሰባ ወረቀት በጋሪ እየገፋሁ ከአዳራሽ አዳራሽ አድል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ "በዲፕሎማሲው አካባቢ ነኝ" እላለሁ። ውሸት አይደለም። አምባሳደሮቹ ጋሪው እንዳይነካቸው እግራቸውን ይሰበስቡልኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ጋሪውን አስረከብኩ፣ የሕይወት ታሪኩ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ለዚህ ሥራ የራሴ ወግ አለኝ። ጥቁር ደብተሬን ይዤ ሟች ቤት እሄዳለሁ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ እላለሁ፣ ለሁሉም የማቀርበውን ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የት ተወለዱ? ማን አሳደጋቸው? ምን ያስቃቸው ነበር? ምን ያናድዳቸው ነበር? መጨረሻ ላይ ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ "እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር አለ?" እላለሁ። ታሪኩ ታሪክ የሚሆነው ከዚህች ጥያቄ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ቀን ፈገግ ብለው የማያውቁ ሽማግሌ፣ ለካ በየማለዳው ለጎረቤታቸው ድመት ዳዊት ይደግሙላት ኖሯል። ይህን ሳነብ ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። እኔም ሰዉን እያስለቀሱ ማሳቅ ከእግዜር የተሰጠኝ ጸጋ ነው ብዬ አመንኩ።

ባለቤቴ ስታርፍ ደብተሩን አላወጣሁም። ማንን ልጠይቅ? ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት የኖርኩት እኔ፤ እሷን የሚያውቃት እኔ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግራንድ ሳኮኔ ካለው ቤታችን መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ አውሮፕላኖቹ ከጣሪያው በላይ እያለፉ፣ ስድስት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። መቃብሩ አፋፍ ላይ ሳነበው ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ሁለተኛው ሳላስበው ነው።

ሰዉ እጄን እየጨበጠ "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ሰምተን አናውቅም" አለኝ። ደስ አለኝ። ሚስቱን ቀብሮ ከመካነ መቃብሩ በር ሳይወጣ ደስ ያለው ሰው ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ከሚጽፍብኝ ራሴ ልቅደም ብዬ ነው።

ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ ያለችኝም እሷው። ዙሪክ ትኖራለች፣ ቪዲኮን የሚባል ሠፈር፤ ሥራዋ አንድ ሙዚየም ውስጥ ያረጁ ነገሮችን ማጽዳትና መጠገን ነው። ከቀብሩ ማግስት የጻፍኩትን ኮፒ ጠየቀችኝ። ማስታወሻ እንዲሆናት መስሎኝ ፈርሜበት ሰጠኋት። አዎ፣ ፈርሜበት።

በአርባው ይዛው መጣች። እኔ የተጠቀስኩበት ቦታ ሁሉ ሥሩ በቀይ እስኪርብቶ ተሰምሮበታል። ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሏል። ባለቤቷ ከአገር በተሰደዱ ጊዜ ተከትላ መጣች፤ ባለቤቷ ጽሑፍ በሚያዘጋጁበት ጊዜ ሻይ በማቅረብ አገዘች፤ ባለቤቷ የምስጋና ወረቀት በተሸለሙበት ዕለት አብራ ቆመች። እኔ ራሴን "አንቱ" ብዬ ጽፌአለሁ፣ እሷን "አንቺ" በሚባል ወግ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ታመመችና ሞተች።

አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀይ መስመር አልተሰመረበትም። "ከቤቷና ከሥራዋ በቀር ሌላ የማታውቅ ጭምት ሴት ነበረች" ይላል። እዚያ ጎን ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ነበረች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

"አባዬ፣ ይሄ ያንተ ታሪክ ነው፤ የእማዬ የታል?" አለችኝ።

ሲናደድ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው አለ። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። "አማርኛ ማንበብ ያስተማርኩሽ እኔን ለማረም ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ያስተማረችኝ እማዬ ናት" አለች።

እውነቷን ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የአገራችንን ታሪክ የሚያስተካክል መጽሐፍ እየጻፍኩ ነበር። እስካሁን እየጻፍኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የድንጋዩ ነገር የመጣው። የመቃብሩ ቢሮ ድንጋይ ለማቆም የሚጻፍበትን ቃል አስቀድሞ ማየት ይፈልጋል፤ ቅጹም ላይ የሁለታችን ፊርማ ያስፈልጋል። ልጄ አጭር ነው የተናገረችው፤ "ድንጋዩ ላይ አንተ ካለህበት አልፈርምም።" እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ "የታጋዩና የደራሲው ባለቤት" ብዬ ላክሁላት። በቀይ ተሰምሮ ተመለሰ። "ባሏ በጥልቅ ኀዘን ያቆመላት" ብዬ ላክሁ፤ ተመለሰ። ከዚያ ብልጠት ጀመርኩ። በግእዝ ቅኔ ቋጠርኩና ስሜን ውስጡ ሸሸግኩት። በሳምንቱ ተመለሰ፤ የተሸሸገውን አግኝታ አክብባዋለች። ተናደድኩ ግን ደግሞ ኮራሁባት፤ ከቅኔ ውስጥ ስም አውጥቶ የሚያገኝ ልጅ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያሳደገ ስንት ሰው አለ? ወዲያው ያሳደገቻት ማን እንደሆነች ትዝ አለኝና ኩራቴን ዋጥኩ።

እንዲህ እየተባባልን ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። ሚስቴ ቁጥር የተለጠፈበት የእንጨት መስቀል ሥር ተኝታለች፤ መስቀሉም በዝናብ ብዛት ወደ ግራ አዘመመ። በየሳምንቱ ሄጄ አቀናዋለሁ፣ በሳምንቱ አዘንብሎ አገኘዋለሁ። አጠገቧ ከእሷ በኋላ የተቀበሩት ሁሉ ድንጋይ ወጥቶላቸዋል። ለአንዳቸው የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በበጋው መጨረሻ ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። በፈረንሳይኛ ወግ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ፣ እስከ ክረምቱ መግቢያ ቃሉ ካልቀረበ ጊዜያዊው መስቀል እንደሚነሣና ቦታው ያለ ምልክት እንደሚቆይ ይገልጻል። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። "ያለ ምልክት" የሚለው ጋ ስደርስ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ልጄ በየእሑዱ ትደውላለች። "መድኃኒትህን ወሰድክ?" "ወሰድኩ።" "በል ደህና ሁን።" እናቷ ከሞተች ወዲህ ንግግራችን ይኸው ነበር። የደብዳቤውን ነገር የነገርኳት እሑድ ግን ስልኩን አልዘጋችም። "ቅዳሜ ዙሪክ ና፤ አንድ ድንጋይ ላሳይህ" አለችኝ።

ከመቃብር ድንጋይ ሻጭ ጋር የምታገናኘኝ መሰለኝ። አዲስ ረቂቅ አዘጋጅቼ በካፖርቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ።

ዙሪክ ስደርስ ሁልጊዜ የምሆነውን ሆንኩ፦ ማንበብ የማይችል ሰው። ይህን ሁሉ ዓመት ስዊዘርላንድ ኖሬ ከጀርመንኛ የማውቀው "ገናው" የምትለውን ቃል ብቻ ነው፤ "ልክ ነው" እንደ ማለት ናት። ሰው የሚለኝ ሳይገባኝ ሲቀር ቆፍጠን ብዬ "ገናው!" እላለሁ። የሙዚየሙ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ካፖርቴን እያየ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ "ገናው!" አልኩት። ካፖርቴን ተቀበለኝና ወሰደው። አዲሱ ረቂቅ ኪሱ ውስጥ ነበር። እግዜር አንዳንዴ በጥበቃ በኩል ይሠራል።

ልጄ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሳመችኝ፤ ከዚያ እየመራች ወሰደችኝ። ጥግ ላይ፣ ከላይ መብራት የተለቀቀበት ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። በውሰት የመጣ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሦስት ሺህ ዓመት ይሆናል፤ የተገኘው የዛሬዋ ቱርክና የዛሬዋ ሶርያ ከሚገናኙበት አካባቢ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀጭን ብሩሽ ያጸዳችው እሷ ናት። ጽሕፈቱ ሉዊያን በሚባሉ ሕዝቦች ቋንቋ መሆኑን ነገረችኝ። ፊደሉ ሥዕል ነው፤ የበሬ ጭንቅላት፣ እግር፣ እጅ፣ ማሰሮ የሚመስል ነገር። ደግሞ የተቆፈረ አይደለም፤ ዙሪያው ተፈልፍሎ ፊደሉ ራሱ ጎልቶ የወጣ ነው። መስመሮቹ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ እያሉ ይመላለሳሉ፤ እርሻ የሚያርስ በሬ እንደሚመላለስ።

ከሁሉም ዓይኔን የያዘው ከላይ በቀኝ በኩል ያለው የመጀመሪያው ምልክት ነው። ከወገቡ በላይ የተቀረጸ ሰው ነው። እጁን አንሥቶ በጣቱ የገዛ ፊቱን ይጠቁማል።

"ይሄ 'እኔ' ማለት ነው" አለችኝ። "ጽሑፉ የሚጀምረው 'እኔ እገሌ ነኝ' ብሎ ነው።"

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልግለጽ? ዘመዴን ያገኘሁ መሰለኝ። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ማብራሪያ በጀርመንኛ ነው፤ እኔን ግን እንዲህ ያለው ነገር አስቁሞኝ አያውቅም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ጀመርኩ። "አየሽ ልጄ፣ ይህ ንጉሥ ነው። አቋሙን ተመልከቺ። ምናልባትም ጠላቶቹን ድል ነሥቶ፣ ከተማ ቆርቁሮ፣ ጎተራ ሞልቶ፣ 'እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት' እያለ ነው። ትዕቢት አይደለም። ታሪክ ካልመዘገቡት ይጠፋል። የጥንት ሰዎች ይህ ገብቷቸዋል፤ የዛሬ ልጆች ግን ሰው ራሱን ሲጠቅስ በቀይ ታሰምራላችሁ።"

አንድ ባልና ሚስት ቆመው ያዳምጡኝ ጀመር። አማርኛ እንደማይችሉ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ሰሚ ነውና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ስለ ነገሥታት ሐውልት፣ ስለ አክሱም፣ ስለ ድንጋይና ስለ ስም ዘላለማዊነት ተናገርኩ። ልጄ አላቋረጠችኝም። እናቷም አታቋርጠኝም ነበር። ባልና ሚስቱ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

"ጨረስክ አባዬ?"

"ለጊዜው።"

"ሴት ናት።"

"ማን?"

"ይቺ።" ወደ ጠቋሚዋ ጠቆመች። "የሴት ሐውልት ነው፤ የመቃብር። 'እኔ እገሊት ነኝ፣ የእገሌ ሚስት' ብላ ትጀምራለች። ዕድሜ ጠግቤ በእውነት ኖርኩ ትላለች። ልጆቼ ይህን ድንጋይ አቆሙልኝ ትላለች። ያቆሙት ልጆቿ ናቸው፤ የምትናገረው ግን እሷ ናት።"

ጎንበስ ብዬ እንደገና አየሁት። በእርግጥም ጢም የለውም። ንጉሤ ሴት ሆኖ ቆመ።

"ባልየውስ?" አልኩ። ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቅሁት ይህንን ነው። ሌላ ምን ሊጠይቅ ይችላል እኔን የመሰለ ሰው።

ልጄ ጎንበስ አለችና የድንጋዩን ጠርዝ አሳየችኝ። እዚያ ጋ የጡጫ ያህል ቦታ ተሸርፏል። "ስሙ እዚህ ጋ ነበር" አለች።

ፊቷን ተመለከትኩ፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ መሳቅ የጀመርኩት እሷ እንድትስቅ ነበር፣ በኋላ ግን እውነተኛ ሆነብኝና ዓይኔን ጠረግሁ። ጥበቃው ከሩቅ አየን።

በትራም ወደ ቤቷ ሄድን። ቪዲኮን ያለው ቤቷ ጠባብ ነው፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛውና ሁለት ሰው ብቻ ይገባል። ሻይ አፈላች። ከፊቴ ተቀምጣ "ደብተርህን ይዘሃል?" አለችኝ።

ሁልጊዜ እይዘዋለሁ። ከቦርሳዬ አወጣሁት።

"በል ጠይቀኝ።"

"ምን ልጠይቅሽ?"

"እንደ ሟች ቤተሰብ። ሌላውን ሰው እንደምትጠይቀው።"

ልከራከር ነበር። ያቺ ጣቷን ወደ ራሷ የቀሰረች ሴት ትዝ አለችኝና ተውኩት። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፣ መልሼ አደረግሁ፣ ጉሮሮዬን አጸዳሁ። ከልማድ ብዛት የገዛ ልጄን "ለመሆኑ እናትዎ የት ነበር የተወለዱት?" አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እንዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንድ ነገር ስለገባኝ። ሚስቴን "አንቱ" ያልኳት ገና ያን ጊዜ ነበር።

ጥያቄውን ቀጠልኩ፣ እሷም መለሰች፣ እኔም ጻፍኩ። የተወለደችበትን አውቃለሁ። ያሳደገቻት አክስቷ መሆኗን አውቃለሁ። ምን ያናድዳት እንደነበር ስጠይቅ ልጄ ከፊቷ ያለውን ሻይ አየች። "ሻይዋን ሞቅ እንዳለ ጠጥታ አታውቅም ነበር፤ ገና ስትቀመጥ ጠርተህ ያነበብክላታል" አለች። ይህንንም ጻፍኩት።

በመጨረሻ ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ "እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር አለ?" አልኳት።

ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ አንድ ቢጫ የጎማ ቆብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ቆቡን አውቀዋለሁ። ከስንት ዓመት በፊት መታጠቢያ ቤታችን ውስጥ ተሰቅሎ አግኝቼዋለሁ። ዕቃ መክደኛ መስሎኝ የሽሮ ሳህን ከድኜበት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማታ ባለቤቴ ፍሪጁን ስትከፍት ሳቀች። ወለል ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እኔ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ጋ ሆኜ ስለ አንድ አምባሳደር ቀልድ እያወራሁ ነበርና በቀልዴ የሳቀች መሰለኝ። ያንን ቀልድ ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ አውርቼዋለሁ። ማንም እንደ እሷ አልሳቀም።

"የዋና ቆብ ነው" አለች ልጄ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ኢኤምኤስ ውስጥ፣ ማለትም የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ ሽማግሌዎችን እያጠበች፣ እያበላች፣ እያለበሰች ነው ዕድሜዋን የሠራችው። ከምታጥባቸው አንዲት አሮጊት በወጣትነታቸው ሰው ዋና ያስተምሩ ነበር። አንድ ቀን "ሐይቅ ዳር ይህን ያህል ዓመት ኖረሽ እግርሽን እንኳ አላስገባሽም?" አሏት። እንድትማር ቃል አስገቧት። እሷም በማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ውስጥ ለትላልቅ ሴቶች የሚሰጥ ትምህርት ተመዘገበች። ሐሙስ ሐሙስ። ሐሙስ ሐሙስ ለእኔ የምትነግረኝ የማታ ተራዬ ነው እያለች ነበር። ፀጉሯ ረጥቦ ስትገባ አያለሁ፤ ዝናብ ነው እላለሁ። ጄኔቫ ውስጥ በየሐሙሱ ይዘንባል ብሎ ማመን የሚችል ሰው ነበርኩ።

የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። በበጋው ሐይቁ ውስጥ ዋኘች። ልጄ ለዕረፍት ስትመጣ አብረው ገብተዋል። እማዬ ውሃው ላይ በጀርባዋ ትተኛና ሰማዩን እያየች ዝም ትላለች፣ አለችኝ። "ምን ታስቢያለሽ ስላት 'ምንም፤ የሚያወራ ሰው የለም' አለችኝ።"

"ለምን አልነገረችኝም?" አልኩ።

ልጄ ልትጎዳኝ እንዳልፈለገች ያስታውቃል። "እከለከላለሁ ብላ አይደለም" አለች። "አንተ መዋኘት አትችልም አይደል? ግን ያብራራልኛል ብላ ነው።"

አለቀስኩ። ይህን እንኳ ሳላሳምር ልናገር፤ አለቀስኩ። ቀብሯ ላይ ድምፄ ከተቆረጠው ይህኛው ይለያል፤ ለማንም የማሰማው አልነበረም። "ከቤቷና ከሥራዋ በቀር ሌላ የማታውቅ" ብዬ በሕዝብ ፊት አንብቤላታለሁ። ሰዉም ራሱን ነቅንቆልኛል። እሷ ግን እኔ ሳላውቅ ሐይቁ ውስጥ በጀርባዋ ትተኛ ነበር። ልጄ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና ክንዴን ያዘች፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ቃሉን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፍነው። እንደዚያች እንደ ጥቁር ድንጋይዋ ሴት እሷው ትናገር አልን። ከላይ ስሟ። ከዚያ፦

"እኔ ነኝ። ብዙ አረጋውያንን አጠብኩ። አንዲት ልጅ አሳደግሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ዋና ተማርኩ።"

ልጄ ሳትሰርዝ አነበበችው፤ ቅጹን አውጥታ ፈረመች። በእኔ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ቀረ፤ ቤት ገብቼ እፈርማለሁ አልኳት። ያልነገርኳት ነገር ድንጋዩ አንድ ተጨማሪ መስመር እንደሚይዝ ነው። ቅጹ ላይ አይቼዋለሁ። ያቺ የጥንቷ እንኳ "የእገሌ ሚስት" ብላለች፤ ስሙ ቢሸረፍም ቅሉ። ባቡር ውስጥ ገብቼ፣ ገና ከዙሪክ ሳንወጣ፣ በአራተኛው መስመር ሥር "የእገሌ ባለቤት" ብዬ ስሜን በእርሳስ ጻፍኩ። በርን ከተማ ስንደርስ አጠፋሁና አሳንሼ ጻፍኩት። ሎዛን ስንደርስ ሐይቁ ብቅ አለ። ፀሐይ አርፎበት ነበር፤ ከዳር ራቅ ብሎ አንድ የሰው ጭንቅላት ይታያል፣ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ወደ ውስጥ እየዋኘ ይሄዳል። ላጲሱን አወጣሁ። ጄኔቫ እስክንገባ ድረስ መስኮቱን ነው ያየሁት። ፈርሜ በማግስቱ በእጄ ቢሮው አደረስኩ።

ድንጋዩ የቆመ ዕለት ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መጥቶ ነበር፣ ልጄም ከዙሪክ በማለዳው ባቡር መጥታለች። የሕይወት ታሪክ አላነበብኩም። ሰዉ ሲጠባበቅ አይቼ መነጽሬን አወለቅሁና ጠርጌ ኪሴ ከተትኩት። ድንጋዩ የተሸፈነበት ጨርቅ ሲገለጥ ለቀስተኛው ተጠግቶ ማንበብ ጀመረ። አንዲት የመዘምራን እናት "ዋና?" ብላ ጓደኛዋን ጠየቀች። ሌላዋ "ዋና ነው የሚለው" አለቻት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ፣ ከሚስቁት መካከል የሚያለቅሱም ነበሩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእኔ ጸጋ መስሎኝ የኖርኩት ድምፅ ነው።

አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መጥተው እጄን ያዙ። "ጋሼ" አሉኝ፣ እሳቸው በዕድሜ ይበልጡኛል ግን ከልጆቹ ተምረው እንዲህ ይሉኛል፤ "ከጻፉት ሁሉ ይህ ይበልጣል። የእርስዎ አይደል?"

ልጄ ከድንጋዩ ማዶ ቆማ ታየኛለች። ቀኝ እጄ ወደ ደረቴ እየወጣ እንደሆነ የታወቀኝ ግማሽ መንገድ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጣቴም ተቀስሯል። እዚያው አስቆምኩት። ከዚያ ዘረጋሁትና ድንጋዩን አሳየኋቸው።

"የእሷ ነው" አልኩ።